ሲጃራውን መተው ወይስ ዕቃውን መለወጥ?

«ሲጃራ ተውሁ» ብሎ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሲያበሥረኝ እጁን ጨብጬ እንኳን ደስ ያለህ አልሁት። ከመሥሪያ ቤቱ ተነሥተን አውቶቡስ ማቆሚያው ሳንደርስ ግን፥ ከኮቱ ኪስ ብዕር የምታህል ዕቃ አወጣና ወደ አፉ ወሰዳት። ዘመዱ ከባሕር ማዶ ያመጣለት የኤሌክትሪክ ሲጃራ ነበረች። ሽታዋ የማንጎ ነው። ሲጃራ አጭሼ የማላውቀው እኔ እንኳ «እስቲ አቅምሰኝ» ማለቴን አልደብቅም። እርሱ ግን «አንተ ምን ቸግሮህ!» ብሎ መልሶ ኪሱ ከተታት።

ይህን ዕቃ በዛሬው መልኩ የፈለሰፈው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው፤ ዘመኑም በፈረንጆች አቈጣጠር 2003 ነበር። አባቱ አጫሽ ነበሩና በሳንባ ካንሰር ሞተዋል፤ እርሱም ራሱ ብርቱ አጫሽ ነበር። ዕቃው ቅጠል አያቃጥልም፤ ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ በባትሪ አሙቆ ወደ እንፋሎት ይለውጣል። ከመቃጠል የሚመጣው መርዝ በአብዛኛው ይቀራል፤ ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን ግን እንዳለ ነው።

ስለ እውነት ከተናገርን፥ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። በእንግሊዝ አገር ሲጃራ ለመተው የሚሹ 886 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት በፈረንጆች 2019 ታትሟል። ለሁሉም ምክር እየተሰጣቸው፥ ገሚሱ ይህን ዕቃ፥ ገሚሱ እንደሚለጠፍና እንደሚታኘክ ያለውን የኒኮቲን መድኃኒት ወሰዱ። ከዓመት በኋላ በዕቃው ሲጃራ የተዉት ከመቶ 18፥ በመድኃኒቱ ከመቶ 10 ያህል ሆኑ። ይሁን እንጂ በዕቃው ከተዉት መካከል ከመቶው 80ው ዕቃውን ገና አልጣሉም ነበር፤ መድኃኒቱን እስከዚያ የቀጠሉት ግን ከመቶ 9 ብቻ ናቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ለቈየ አጫሽ ይህ ዕቃ ድልድይ ሊሆነው ይችላል፤ ድልድይ ግን መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። አጭሶ ለማያውቅ ተማሪ ደግሞ ድጡን ሳያይ ማጡ ውስጥ መግባት ነው። ሲጃራ እንኳ ተቃጥሎ ያልቃል፤ አመዱም ይመሰክራል። ይህ ግን በጠረጴዛ መሳቢያ ተደብቆ ቀኑን ሙሉ ይሳባል።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 የኤሌክትሪክ ሲጃራ እንዳይሸጥ፥ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰውም ማንኛውም ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕግ ሱቁን ይጠብቃል፤ ኪሳችንን የምንጠብቀው ግን እኛው ነን።

ለመተው የፈለገ ቀን ይቍረጥ፤ ለቤተ ሰቡና ለባልንጀሮቹ ይንገር፤ ሐኪም ያማክር። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ይከብዳሉ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ጭንቁ ይቀላል። አንድ ዓመት የታገሠ ሰው ሲጃራ በልቡ ላይ ያመጣበት አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንስለታል።

ጓደኛዬን «እንኳን ደስ ያለህ» ያልሁት በችኰላ ነበር። ቃሌን ግን አልመልስም፤ ግማሹን መንገድ ሄዷልና። ቀሪውን ምስጋና ያችን ዕቃ የጣለ ዕለት እጨምርለታለሁ።