አሮጌ ትራክተር በቀለሙ አይገዛም

አሮጌ የእርሻ ትራክተር ለመግዛት የሚነሣ ነጋዴ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በቀለሙ ላይ ነው። ዳሩ ግን ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል፤ ያረጀ ሞተር በአንድ ቀን አይታደስም።

በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ይሠራ የነበረው ማሴይ ፈርጉሰን 35 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የፊተኞቹ የናፍጣ ሞተሮች ባለ 4 ሲሊንደር ሲሆኑ በብርድ ለማስነሣት ያስቸግሩ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ ባለ 3 ሲሊንደሩ የፐርኪንስ ሞተር ተተካ። ሁለቱ ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ገዢው ግን ናፍጣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ቢቆጥር ይለያቸዋል።

ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀ፣ ገዢው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይቆይ፤ የሞተር ድካም የሚታወቅ በብርዱ ሲነሣ ነውና። የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ መግባቱን ያመለክታል። የኋላው ማንሻም ከባድ ማረሻ አንሥቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዝቅ ሳይል መቆየት ይገባዋል።

አንዳንዶች «ዋጋው ርካሽ ከሆነ ምርመራ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ትራክተሩ በእርሻ ወራት ቢቆም ገበሬው የሚያጣው የጥገናውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የዓመቱን አዝመራ ነው፤ አስመጪውም ስሙን ያጣል። ስለዚህ አስመጪው ያገኘውን ጉድለት ሁሉ በጽሑፍ ለገዢው ቢያስታውቅ፣ ለጊዜው ትርፉ ቢያንስም ደንበኛው ይበረክታል።