የሀያ ዓመቷ ጀልባ

«የደንገል ታንኳ ሁለት ወር አይዘልቅም፤ ፋይበር ግላስ ሀያ ዓመት ያገለግላል።» ሰሞኑን እዚሁ አዘዞ ጣና ዳር ስላሉት የጎርጎራ ጀልባዎች ሲወራ አንድ ባለሙያ ነገሩን በዚህ ቋጩት። ተጨበጨበላቸውም። ሀያ ዓመቱን ከየት አመጡት? ከሻጩ ወረቀት ነዋ!

ፋይበር ግላስ የመስታወት ክር ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ሙጫ ተነክሮ ሲደርቅ የሚገኝ ነገር ነው። ክሩ ቶሎ አያረጅም፤ ቀድሞ የሚያረጀው ሬዚኑ ነው። ጣና 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተኝቷል፤ በዚህ ከፍታ ያለው ፀሐይ ሬዚን ያደክማል። የዳር ድንጋይ የላይኛውን ሽፋን ፍቆ ካነሳው ደግሞ ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በመስታወቱ ፋንታ የካርቦን ክር ይግባ የሚሉም አሉ፤ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ድንጋይ ሲመታው ግን ይሰነጠቃል። ኬቭላር የሚባለው ክር ምቱን ይችላል፣ ለጠጋኙ ግን መከራ ነው፤ በተራ መቀስ አልቆረጥ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልፋቅ ይላል።

እሺ፣ ጀልባዋ ጎርጎራ ላይ ተሰነጠቀች እንበል። ማን ይጠግናታል? ሬዚኑና ማጠንከሪያው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። እርጥብ ላይ አይጣበቅም። ገዝተን እናስቀምጥ ቢባል እንኳ ከነቆርቆሮው ይረጋል፤ ሀያ ዓመት የተባለላት ጀልባ መድኃኒቷ ያን ያህል አይቀመጥም። ባለሙያችን ይህን አላነሱትም። ጭብጨባውም ፋታ አልሰጣቸውም።

ሁለት ወር ብለው የናቁትንም እንየው። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. «ራ» የተባለችውን ጀልባ ከጣና ደንገል አሠርቶ ከሞሮኮ ተነሣ፤ የኋላዋ ሰጠመና ካሪቢያን ሳይደርስ ተዋት። በዓመቱ «ራ ሁለት»ን፣ አሁንም በኢትዮጵያ ደንገል፣ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች አሰሩለት። አትላንቲክን አቋርጣ ባርቤዶስ ገባች፤ በ57 ቀን! ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ደንገሉ ያው የኛው ነው፤ የተለወጠው አስተሳሰሩና የአሳሪው እጅ ነው።

ደንገል ማሰር የሚያውቅ እጅ ጣና ዳርም አለ። የሐይቁ ታንኳ ሠሪዎች ወይጦዎች ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው ያደርቃሉ፤ ሲያረጅ ደንገል አጭደው ሌላ ያስራሉ። ለሬዚን ብለው አዲስ አበባ አይደውሉም። ለአደጋ ጊዜ መድረሻ የፋይበር ጀልባ ይገዛ፣ አልጠላም። ግን ደንገሉ በእርሻ እየተገፋ፣ እምቦጭም ዳርቻውን እየወረሰ ሳለ ስለ ዕድሜ የሚሰብኩን ሰው፣ ሀያ ዓመቱን ከማወጃቸው በፊት ከአዘዞ እስከ ጎርጎራ አንድ የፋይበር ጠጋኝ ፈልገው ያሳዩን።