እንጨቱን ሽጥ፣ ጥበቃን አትሽጥ



ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት መስጂድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ልጅ ሳለ ቁርኣን ያስቀራሁት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ቤቱ ውስጥ ከእንጨት የአንገት ጌጥና የቁልፍ መያዣ እየሠራ፣ በጋለ ብረት የደንበኛውን ስም እየጻፈበት በቴሌግራም ይሸጣል። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ሲነግረኝ «ለዚህ ነው እንዴ የተማርከው?» ብዬው ነበር። ዛሬ በዚያ ንግግሬ አፍራለሁ።

የመጣው ለጥያቄ ነው። አንዲት እናት ሱረቱል ፈለቅ የተጻፈበት እንጨት አዘዘችው፤ ለአራስ ልጇ አንገት፣ ከዓይን እንዲጠብቀው። ለስም ከሚቀበለው ሦስት እጥፍ ልትከፍለው ነው። «ኡስታዝ፣ ልሥራላት ወይስ ልተው?» አለኝ።

ወደ መልሱ ከመሄዴ በፊት ስለ ሥራው ልናገር። በአገራችን ባለ እጅ «ጠይብ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። አባቶቻችንም በብዙ ቦታ መሬት ተከልክለው በሽመናና በንግድ ሲኖሩ ይኸው ንቀት ደርሶባቸዋል። ዲናችን ግን ሌላ ነው የሚያስተምረን። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ ሙስሊም ዘግበዋል። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። የመዲናው መስጂድ ሚንበርም የአንድ አናጢ የእጅ ሥራ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ቤት ቁጭ ብለህ እንጨት ብታለሰልስ፣ ቁጭ ብለሽ ስም ብትጽፊ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳፍረው የሰው እጅ መጠበቅ ነው።

በጌጥ ላይ ስም መጻፍስ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለነገሥታት ደብዳቤ ሊጽፉ ሲሉ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ እንደማይነበብ ተነገራቸው። የብር ቀለበት አሠሩ፤ በላዩም በሦስት መስመር «ሙሐመድ፣ ረሱል፣ አላህ» ተቀረጸበት። ከሳቸው በኋላ አቡበክር፣ ከዚያ ዑመር፣ ከዚያ ዑስማን (ረ.ዐ.) እጅ ገባ፤ በመጨረሻም አሪስ ከሚባለው ጉድጓድ ወድቆ ጠፋ። ቡኻሪ የዘገቡት ታሪክ ነው። ልብ በሉ፤ ያ ቀለበት የአላህ ስም ነበረበት። የተሠራው ግን ለማኅተም ነበር። ሲጠፋ ሦስት ቀን ተፈለገ፣ አልተገኘም፤ «ጠባቂያችን ጠፋ» ብሎ ግን ማንም አልደነገጠም።

ለወጣቱ ያልኩትም ይኸው ነው። እንጨቱን ሽጥ፣ ጥበቃን አትሽጥ። ጥበቃ ያንተ ዕቃ አይደለም፤ የሌለህን እንዴት ትሸጣለህ? ቁርኣንን አንገት ላይ በማንጠልጠል ጉዳይ ዑለማዎች ከጥንት ጀምሮ እንደተለያዩ አውቃለሁ። የፈቀዱትም ቢሆኑ ልብ በአላህ ላይ እንጂ በተንጠለጠለው ነገር ላይ እንዳይመካ፣ ቃሉም እንዳይዋረድ አስጠንቅቀዋል። አራስ ልጅ አንገት ላይ ያለ እንጨት ምራቅና ወተት ሲፈስበት፣ ሽንት ሲነካው ይውላል። «ከዓይን ይጠብቃል» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ የእናትን ፍርሃት ወደ ገንዘብ መለወጥ ነው። ለእናትየዋ ከዚህ የተሻለ ነገር አለ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለሐሰንና ለሑሰይን ዱዓ እያደረጉ ወደ አላህ ያስጠጓቸው ነበር። ያ ዱዓ ቡኻሪ ውስጥ አለ፣ ዋጋውም ነፃ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር።

የሰው ስም ጻፉ። ነገር ግን ዐብዱላህ፣ ዐብዱረሕማን በሚሉት ስሞች ውስጥ የአላህ ስም አለ። ሲጻፍ የተበላሸውን ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፤ በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ጽሑፉን አጥፉት። እንዲህ ያለውን ጌጥ አድርጎ መጸዳጃ ቤት መግባት እንደማይወደድም ለገዢው ንገሩት።

ባሕር ዛፉን «ወይራ ነው» አትበሉ። ስንጥቁን በሙጫና በሰጋቱራ ደፍናችሁ ዝም አትበሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ሥሩ እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ሻጩን ምን ያህል እንደገሠጹት ታውቃላችሁ።

በትእዛዝ የሚሠራ ዕቃ ውል ነው፤ ፊቅህ ውስጥ ኢስቲስናዕ ይባላል። የእንጨቱን ዓይነት፣ መጠኑን፣ የስሙን አጻጻፍ፣ ዋጋውንና የምታስረክቡበትን ቀን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ዓኢሻ ብላ ያዘዘችው አይሻ ሆኖ ቢደርሳት ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው ያ ንግግር ነው።

ራሳችሁንና ቤተሰባችሁንም አትጉዱ። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ኮምፔንሳቶና ቺፕውድ አታቃጥሉ፤ የቀለሙና የሙጫው ጭስ ይጎዳል። ሬዲዮ ጠጋኝ ሲበይድበት የኖረውን ብረት አትዋሱ፤ ጫፉ ላይ መርዛማ የእርሳስ ቅሪት ሊኖር ይችላል። መስኮት ክፈቱ፤ ሕፃን ባለበት ክፍል አትሥሩ።

ወጣቱ ለእናትየዋ ያልኩትን ነገራት፤ ስለ ዱዓውም ጻፈላት። ተቀየመችና ከሌላ ሰው አዘዘች። ገንዘቡ ቀረበት፤ እስካሁንም የሚተካው ትእዛዝ አልመጣም። ትናንት ሳገኘው ግን የአንዲት ተማሪ ስም የሚጽፍበትን የዋንዛ ቁራጭ እያለሰለሰ ነበር። እኔም በፊት ያልኩትን ትቼ፣ አንድ ቁልፍ መያዣ አዘዝኩት። ሙሉ ዋጋውን ከፍዬ።

አላህ በሐላሉ አብቃቅቶ ከሐራሙ ይጠብቀን። የእጃችንን ሥራ በረካ ያድርግልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።