የምራቅ ጥንቆላ

ባለፈው እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። እናቱ 92 ዓመታቸው ነው። «እማማ፣ ስኳር ይጨመር?» ስላቸው «ማክሰኞ ነው የመጣችው» አሉኝ። ልጃቸው ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «አየህ? ምራቋን ልኬ አስመርምሬያለሁ፤ አፖኢ4 አለባት። ዘር ነው፣ ምን ይደረጋል!»

ዘር ነው! እኛ ዘንድ መቼም ይህች ቃል ከገባች ማሰብ ያበቃል።

አፖኢ4 የተባለው ጂን አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት በሽታ ጋር መያያዙን እ.ኤ.አ. በ1993 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ አልክድም። ግን ጉልበቱ የሚበረታው በስልሳዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እየላላ ይሄዳል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዘጠና የሞላቸውን ሰዎች የሚከታተለው የነክላውዲያ ካዋስ ጥናት፣ ሲጀመር ጤነኛ ከነበሩት መካከል አፖኢ4 ያለበት ሰው ከሌለበት ይበልጥ በኋላ በመርሳት በሽታ ሲያዝ አላየም። ጂኑ የሚጥለውን ቀድሞ ይጥላል፤ ዘጠናን ያለፈ ሰው ያንን ወንዝ ተሻግሯል። ወዳጄ እናቱ ላይ የፈረደው ተሻግረውት በመጡት ወንዝ ነው። ጂኑ አደጋውን ስንት እጥፍ ያበዛል የሚለው የሚያስፈራ ቁጥር ደግሞ በአብዛኛው የተሰላው ከአውሮፓ ዘር በሆኑ ሰዎች ላይ ነው፤ ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ውስጥ በዮሩባዎች ላይ ሲጠና የጂኑ ተጽዕኖ እጅግ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ስልኩ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ይህን አይናገርም።

ጄምስ ዋትሰን እንኳ፣ የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ጂኖሙ ሲነበብ ይህችን አንዷን ጂን አታሳዩኝ ብሎ ነበር። እማማን ማን ጠየቃቸው? «ለስኳር ምርመራ ነው፣ ትፊበት» ተብለው ነው የተፉት።

ፕሮግራም ሲበላሽበት ሦስት ሌሊት የማይተኛ መሐንዲስ ነው እኮ ይሄ ወዳጄ! የእናቱን ጆሮ ግን አንድ ቀን አላስመረመረም። የ2024ቱ የላንሴት ኮሚሽን ሊታረሙ ይችላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 14 ለመርሳት በሽታ አጋላጭ ምክንያቶች አንዱ የመስማት ችግር ነው። ስለ ዘር ግን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ምቾቱም እዚያ ላይ ነው። ቀጠሮ አያስይዝ፣ ከሥራ አያስቀር።

ተነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብዬ ደግሜ ጠየቅኋቸው። «ስኳር? ኧረ ትቻለሁ ልጄ፣ ሐኪሙ ከለከለኝ። እኔ ደሞ እህትህ መቼ መጣች ያልከኝ መስሎኝ!»

ልጃቸው ከሶፋው ማዶ ሆኖ «እማዬ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» እያለ ይፈትናቸዋል። እሳቸው ፈገግ አሉለት። አልሰሙትም።