አቮካዶውን እንብላ፤ ስኳሩን እንተው

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ አቮካዶ ያለኝን የሚከተለውን አጭር አሳብ በአንባብያን ዓምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምኖረውና የማስተምረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። ቀድሞ ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ እኛው ሰፈር ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ፣ አቮካዶ ከጭነት መኪና ሲራገፍ ማየት የዕለት ነገር ሆኖልናል። ነገር ግን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ የዚህን ፍሬ ጥቅም ያወቅን እየመሰለን በአበላላችን እናበላሸዋለን።

ይህን የምጽፈው በሌላው ለመፍረድ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ ነው። ታላቅ ወንድሜ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ከዓመታት በፊት፣ «ጋሼ፣ በጾም ወራት ሰውነትህ እንዳይጎዳ አቮካዶ አዘውትር» ብዬ የመከርሁት እኔ ነኝ። እርሱም ምክሬን ተቀብሎ በጾም ቀን ሁሉ ምሳውን በአንድ ትልቅ ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ ለወጠው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ግን ውኃ ጥሙ በዛ፣ ሰውነቱም ከሳ። ሐኪም ቤት ይዤው ብሄድ የስኳር በሽታ ተገኘበት። ሐኪሙ ምን እንደሚመገብ ሲጠይቀው ወንድሜ በኩራት «አቮካዶ» ብሎ መለሰ። ሐኪሙም፣ «አቮካዶውስ መልካም ነበር፤ ግን በብርጭቆው ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚጨመር ያውቃሉ?» አለው። ወንድሜ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

በእርግጥ ይህ በሽታ ከብዙ ምክንያት የሚመጣ ስለሆነ በጁሱ ብቻ አይሳበብም፤ ሐኪሙም እንዲህ አላለም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና የሚበጀው የተጨመረ ስኳር በቀን እስከ 25 ግራም፣ ይኸውም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑን ይመክራል። በየጁስ ቤቱ በፍሬው ላይ ስኳር፣ በስኳሩም ላይ ቀይ ሽሮፕ ሲፈስበት በዓይናችን እያየን፣ የጠጣነውን ጤና ነው ብለን እንነሣለን።

ፍሬው ራሱ ግን ስኳር የሌለበት ያህል ነው። ከመካከለኛ አቮካዶ ግማሹ፣ ማለት 100 ግራም ያህሉ፣ ወደ 15 ግራም ቅባት አለው፤ አብዛኛውም በወይራ ዘይት ውስጥ እንዳለው ያለ ለልብ የሚስማማ ቅባት ነው። ወደ 7 ግራም የሚደርስ አሰር ስላለው ቶሎ አያስርብም፤ ሆድንም አያደርቅም። ፖታሲየሙ 485 ሚሊግራም ያህል ሲሆን፣ የምናመሰግነው ሙዝ በዚያው ክብደት 358 ገደማ ነው ያለው። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚያስፈልገው ፎሌትም አለበት። ከዚህም በቀር ቅባቱ በቲማቲም፣ በካሮትና በጎመን ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ነገር ሰውነታችን እንዲቀበለው ይረዳል። ስለዚህ ባልንጀራው ስኳር ሳይሆን አትክልት ነው። ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የአቮካዶ ዛፎች ነበሩ። ወጥ ቤቷ ፍሬውን በሹካ ደቁሳ፣ ጨውና ሎሚ ጨምራ በዳቦ ትሰጠን ነበር፤ እኛ ልጆች ግን ስኳር የለውም እያልን እናጉረመርም ነበር። የእርስዋ አሠራር ትክክል መሆኑ የገባኝ ዛሬ ነው።

አንዳንዱ ሰው አቮካዶን የፈረንጅ ምግብ ነው ይላል። መገኛው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. በሂርናና በወንዶ ገነት ከተተከለ ወዲህ አገራችንን ለምዷል፤ ዛሬ የሲዳማና የወላይታ ገበሬ ከጓሮው ያወርደዋል፤ በጎጃም በቆጋ መስኖ የሚለማውም ለውጭ ገበያ እስከ መላክ ደርሷል። ሌላው እስከ ባሕር ማዶ የሚያስመጣውን እኛ ከደጃችን አግኝተን በሽሮፕ ልናሰጥመው አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የጁስ ቤት ባለቤቶች ስኳር ከመጨመራቸው በፊት ደንበኛውን ይጠይቁ፤ እኛም «ያለ ስኳር» ማለትን አንፈር። ሁለተኛ፣ የየመሥሪያ ቤቱ ክበቦች በጾም ቀን አቮካዶን ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በዳቦ ቢያቀርቡ፣ በደመወዙ ለሚኖር ሠራተኛ የሚያጠግብ ምሳ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ወላጆች በልጆቻቸው ምሳ ዕቃ ውስጥ በብስኩት ፈንታ ይህንኑ ያድርጉ። ፍሬው ዛፍ ላይ ሳለ ስለማይበስል ጠንካራውን ገዝቶ ከሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልሎ ጥቂት ቀን ማቆየት ይበቃል።

ወንድሜ አሁን መድኃኒቱን እየወሰደ በደኅና ይገኛል። አቮካዶውንም አልተወም፤ ግማሹን በጨውና በሎሚ ይበላል፣ ግማሹን ለልጁ ይሰጣል። እኔም ከእንግዲህ ወዲህ ለሰው ስለ ምግብ ስመክር፣ የምግቡን ስም ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ጨምሬ ለመናገር ቃል ገብቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከንፋስ ስልክ ላፍቶ