ቤቱ የማን ነበር?

«በፊትና አሁን» የሚባል የፎቶ ፉክክር ተይዟል። በግራ በኩል የፒያሳ ወይም የአራት ኪሎ መንደር ይቀመጣል፤ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ የተቦረቦረ የጭቃ ግድግዳ፣ ክረምት ያቦካው መንገድ። በቀኝ ያው ቦታ ከኮሪደር ልማቱ በኋላ፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ሣር፣ ባለቀለም መብራት። አንዱ በዝናብ፣ ሌላው በጠራ ምሽት መነሳቱን እንለፈው፤ ካሜራ ላዘዘው ያደላል። የአራዳን ጥንታዊ ፎቶ እያወጡ «ድሮ ቀረ» የሚሉትም ክርክሩን ወደ ውበት ውድድር ከማውረድ በቀር የፈየዱት ነገር የለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ይህ እንድናፍርበት የሚታየን የግራው ቤት የማን ነበር?

መልሱ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ተጽፎ ተቀምጧል። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬትና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠውን ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሰጠ። ደርግ ወደቀ፣ ኢሕአዴግም መጥቶ ሄደ፤ አከራዩ ግን ያው መንግሥት ነው። በመሀል ከተማ ከተጎሳቆሉት ቤቶች እጅግ ብዙዎቹ የቀበሌ ናቸው። ኪራይ የሚቀበለው እሱ፣ የማያድሰው እሱ፣ ተከራዩ ግድግዳ ልለውጥ ሲል ፈቃድ አምጣ የሚለውም እሱ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ጣራ ሳይቀይር የኖረ አከራይ ቤቱን ባፈረሰ ማግስት የተከራዩን ጉስቁልና ፎቶ ይዞ «ከምን እንዳወጣኋችሁ እዩ» ሲል መስማት ድፍረቱ ያስደንቃል። ያ ፎቶ የእሱ የክስ መዝገብ ነው።

«በዚያች ሳንቲም ኪራይ ምን ይታደሳል?» ይሉናል። ኪራዩን የተመነው ማን ሆነና! ከቤቱ ሥር ያለውን መሬትማ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ በሊዝ ሲያወጣ ዋጋውን አሳምሮ ያውቃል። «ነዋሪው መጸዳጃና ውኃ ወዳለው ቤት ተዛውሯል» የሚለው መከራከሪያ ይሻላል፤ ለእውነት የቀረበበት ቦታም አለ። ታዲያ ፎቶው የታል? የመንደሩ ለውጥ ማስረጃ የመንደርተኛው ኑሮ ከሆነ፣ ከሣሩና ከመብራቱ ጎን የተዛወረበት ቤት፣ ደንበኞቿን ጥላ የሄደችው ጉሊት ቸርቻሪ አዲስ መደብ፣ ለሥራ የሚሳፈሩበት የታክሲ ሰልፍ አብሮ ይውጣ። በፎቶው ላይ ሰው ከሌለ ግን የተመሰገነው አስፋልቱ ብቻ ነው። ይህን ማድረግ ከከበደ ቀላሉን እንጠይቅ፤ ከዛሬ ጀምሮ በግራው ፎቶ ግርጌ የአከራዩ ስም ይጻፍ።