ተኝቶ የሚሰማው ቁልፍ

ባለፈው ጥር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በአሜሪካ አቆጣጠር 2 ሰዓት መሆኑ ነው። የደወለችው እናቴ ነበረች። እማዬ ዴንቨር አየር ማረፊያ በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች።

«ልጄ፣ መኪናዋ አልከፈት አለችኝ። ቁልፉን ይዣለሁ፤ እሷ ግን ዝም! ስልኬም ሊዘጋብኝ ነው።»

በረዶ እየጣለ ነበር። ከኦሮራ ተነሥቼ እስክደርስ ብርዱ ይጎዳታል።

«አይዞሽ እማዬ። ቁልፉ ውስጥ ትንሽ የብረት ቁልፍ አለች። ከጎኑ ያለውን መያዣ ገፋ አድርጊና አውጫት። በሩን በእሷ ክፈቺ። ከዚያ ፍሬን ረግጠሽ፣ ትልቁን ቁልፍ የሞተር ማስነሻው ላይ ለጥፈሽ ተጫኚው።»

ትንሽ ቆይቶ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። «ተመስገን!» አለች። ወዲያው ስልኳ ተዘጋ።

በማግስቱ የቁልፉን ባትሪ አወጣሁት። ሞቷል። ያስገባሁት ግን ከ4 ወር በፊት ነበር። እንዲህ ቶሎ ማለቅ አልነበረበትም። ታዲያ ማን ጨረሰው?

እኔ ለገመድ አልባ መሣሪያዎች ሶፍትዌር እጽፋለሁ። በሥራችን የታወቀ ነገር አለ፦ አልፎ አልፎ ብቻ የሚናገር መሣሪያ ባትሪውን የሚጨርሰው በመናገር ሳይሆን በመጠበቅ ነው። ጥሪው መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ጆሮውን ከፍቶ ይቆያል። መስማትም ኃይል ይበላል።

እስቲ እናስላው። የቁልፉ ባትሪ ሲአር2032 ይባላል። ስሙ መጠኑን ይናገራል፦ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው። የሚይዘው 220 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያህል ነው። የቁልፉ ሬዲዮ ሁልጊዜ ተከፍቶ 10 ሚሊአምፔር ቢወስድ፣ ባትሪው በ22 ሰዓት ያልቃል። አንድ ቀን እንኳ አይሞላም! 5 ማይክሮአምፔር ብቻ ቢወስድ ግን 44,000 ሰዓት፣ ማለትም 5 ዓመት ያህል ይቆያል።

ታዲያ ሬዲዮው ከተኛ ጥሪውን ማን ይስማ?

አዲስ አበባ ያደግሁበት ግቢ ዘበኛ ነበረው። ሌሊት ቤተሰቡ ሁሉ ይተኛል፤ ዘበኛው ብቻ የበሩን ኳኳታ ያዳምጣል። እንግዳ ሲመጣ የቤቱን ሰው ይቀሰቅሳል። ቁልፉም ውስጥ እንዲህ ያለ ዘበኛ አለ። ማንቂያ ተቀባይ ልንለው እንችላለን። ዋናው ሬዲዮ ይተኛል፤ ማንቂያው በጥቂት ማይክሮአምፔር ያዳምጣል። እጃችሁን መኪናው በር ላይ ስታደርጉ መኪናው በ125 ኪሎኸርዝ ይጣራል። ማንቂያው ይሰማና ዋናውን ሬዲዮ ይቀሰቅሳል። እሱም መልስ ሰጥቶ ተመልሶ ይተኛል።

ይህ ዘበኛ ትንሽ ስለሚበላ ጆሮው ደካማ ነው። የሚሰማው ከቅርብ፣ ያውም ቀላል ምልክት ብቻ ነው። ለመኪና ቁልፍ ግን ይህ ይበቃል።

ይኸው ሐሳብ ወደ ዋይፋይም መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. 802.11ቢኤ የሚባል ደንብ ወጣ። ማንቂያው ከ1 ሚሊዋት በታች ኃይል እንዲወስድ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ መሣሪያዎች እየተኙም ጥሪ እንዲሰሙ ያስችላል።

አሁን ወደ እማዬ ቁልፍ እንመለስ። ቤታችን ውስጥ ቁልፉ የሚሰቀለው ወደ ጋራዡ በሚወስደው በር አጠገብ ነበር። ከመኪናዋ የሚለየው አንድ ሜትር ያህል ነው። አንዳንድ መኪና ደግሞ ቆሞም ቢሆን «ቁልፌ አለህ?» እያለ በየጊዜው ይጣራል። ዘበኛው አልተሳሳተም፤ የተጠራው በራሱ መኪና ነው። ግን በተጠራ ቁጥር ዋናውን ሬዲዮ ይቀሰቅሳል። በሩ በየደቂቃው የሚንኳኳ ቤት ደግሞ፣ ዘበኛ ቢኖረውም እንቅልፍ የለውም።

ይህን ለእማዬ ስነግራት ሳቀች። «እኔ ከሥራ መጥቼ ቀን ስተኛ፣ እሱ አይተኛም ነበር ማለት ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ምስኪን!» አለችና ቁልፉን ወስዳ ከጋራዡ ርቆ ያለው የማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። አዲሱ ባትሪ እስካሁን ይሠራል።

ባትሪው ሞቶ መኪናዋ እንዴት ተነሣች? በብዙ መኪኖች ቁልፉ ከማስነሻው ጋር ሲነካ፣ መኪናው ራሱ በማግኔት መስክ ትንሽ ኃይል ያቀብለዋል። ያም «እኔ ነኝ» ብሎ ለመመለስ ይበቃዋል።

በዚህ ሳምንት የእናንተ ቤት ቁልፍ የት እንደሚሰቀል እዩ። መኪናው አጠገብ ከሆነ ለወላጆቻችሁ በአማርኛ እንዲህ በሏቸው፦ «ቁልፉን ከመኪናው አርቀን እንስቀለው።» ለምን ብለው ቢጠይቋችሁ የዘበኛውን ነገር ንገሯቸው። የብረቷን ቁልፍ አወጣጥም አሳዩአቸው፤ ቀን፣ ብርድ ሳይኖር፣ ሳይቸኩሉ።